የባለሰንሰለት ሎደር ሰንሰለት ሲላላ፦ ሰበካ ጉባኤያት ስለ መወጠሪያው ጥገና ሊያውቁት የሚገባ

በገጠር አጥቢያዎች ኩሬ ለመቆፈር፣ ወደ ደብሩ የሚያደርሰውን መንገድ ለመጥረግ ወይም ለሕንፃ መሠረት የሚሆን ቦታ ለመደልደል ሲታሰብ፣ ብዙውን ጊዜ በኪራይ የሚመጣው ማሽን በጎማ ሳይሆን በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ሎደር ወይም ዶዘር ነው። ተዳፋቱን፣ ድንጋያማውንና ረግረጉን መሬት ጎማ ያለው ማሽን በቀላሉ አይደፍረውምና። ኪራዩ በሰዓት የሚታሰብ ሲሆን ገንዘቡም ከምእመናን ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ ነው። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ ይወርድና «ሰንሰለቱ ላልቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደየቦታው ይለያያል። አንዳንድ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግሪስ ተሞልቶ ሥራው ይቀጥላል፤ አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ሳምንት ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለመርዳት የተጠጋ ወጣት አካሉ ይጎዳል።

ኮሚቴው መካኒክ እንዲሆን ማንም አይጠብቅበትም። ይሁን እንጂ «ላልቷል» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ማስተካከያ ብቻ የሚያስፈልገው ሰንሰለት፣ ግሪሱን መያዝ ያቃተው መወጠሪያ፣ ወይም በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የሚወስዱት ጊዜ፣ የሚያስወጡት ገንዘብና የሚያስከትሉት አደጋ ግን እጅግ የተራራቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ጥገናው እንዴት እንደሚካሄድና ኮሚቴው በየትኛው ደረጃ ላይ «ሥራው ይቁም» ማለት እንዳለበት እንመለከታለን።

መወጠሪያው ምን ይሠራል?

የማሽኑ ሰንሰለት በአሠራሩ ከብስክሌት ሰንሰለት ጋር ይመሳሰላል። አያያዥ ብረቶች በፒንና በቡሽ ተጋጥመው ዙሪያውን ይዞራሉ፤ በላያቸውም መሬቱን የሚረግጡት ሰፋፊ የብረት ጫማዎች በቡሎን ይታሰራሉ። ከኋላ ያለው ጥርሳም መዘውር፣ ባለሙያዎች ስፕሮኬት የሚሉት፣ ሰንሰለቱን እየነከሰ ይነዳዋል። ከፊት ያለው ጥርስ የሌለው ትልቅ መዘውር አይድለር ይባላል፤ እርሱ ሰንሰለቱን እየመራ ይመልሳል እንጂ አይነዳም። በሁለቱ መካከል የማሽኑን ክብደት የሚሸከሙ የታች ሮለሮችና ሰንሰለቱ ከላይ እንዳይንጠለጠል የሚደግፉ የላይ ሮለሮች ይገኛሉ። በአንዳንድ ዶዘሮች ስፕሮኬቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል፤ የመወጠሩ ሐሳብ ግን አንድ ነው።

አይድለሩ በአንድ ቦታ የተቸነከረ አይደለም። በማዕቀፉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ይላላል። የሚገፋውም መወጠሪያው ነው። በቀደሙት ማሽኖች መወጠሪያው በትልቅ ቁልፍ የሚዞር ወፍራም ጥርሳም ዘንግና ዳዶ ነበር። ዛሬ በየሥራ ቦታው በምናያቸው ማሽኖች ግን በግሪስ የሚገፋ ሲሊንደርና ፒስተን ነው። ግሪሱ በእጅ ፓምፕ በአንዲት ትንሽ ኒፕል በኩል ሲገባ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወጣል፤ ኒፕሏ ግሪሱን ታስገባለች እንጂ ተመልሶ እንዲወጣ አትፈቅድም። በዚህ ብልሃት አንድ ሰው በክንዱ ጉልበት ብቻ የብዙ ቶን ማሽን ሰንሰለት ይወጥራል። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚያታልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተራ የእጅ ግሪስ ፓምፕ በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ሊፈጥር ይችላል፤ ሲሊንደሩም ያን ግፊት ይዞ ይቀመጣል።

ከሲሊንደሩ በስተኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ስፕሪንግ አለ። በሰንሰለቱና በስፕሮኬቱ መካከል ድንጋይ በገባ ጊዜ አንድ ነገር መስጠት አለበት፤ አለዚያ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ወይም ከበድ ያለ ነገር ይሰበራል። በዚያች ቅጽበት ስፕሪንጉ ተጨምቆ አይድለሩ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ያደርጋል፤ ድንጋዩ ሲወጣም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህን ለማድረግ ስፕሪንጉ ገና ሲገጠም በከፍተኛ ኃይል ተጨቁኖ ይገባል። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሰንሰለቱም ተፈትቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ እንኳ ስፕሪንጉ ውስጥ ብዙ ቶን ኃይል ተቆልፎ እንዳለ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢዎቻችን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ልኬቱ

ብዙ ሰው አደጋው የላላ ሰንሰለት ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥም የላላ ሰንሰለት በተዳፋት ላይ ሲታጠፍ ወይም ወደ ኋላ ሲሄድ ከአይድለሩ ላይ ይወልቃል፤ በስፕሮኬቱ ጥርስ ላይም እየዘለለ ይንኳኳል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የተወጠረው ሰንሰለት ድምፅ ሳያሰማ የበለጠ ያበላሻል። ፒኑና ቡሹ፣ ስፕሮኬቱና አይድለሩ ያለ ዕረፍት ስለሚፋጩ ዕድሜያቸው ያጥራል። ሞተሩም ከጉልበቱ ከፊሉን የራሱን ሰንሰለት ለመጎተት ስለሚያውለው ነዳጁ ይጨምራል። በባለሰንሰለት ማሽን ላይ ከሚወጣው የጥገና ወጪ ግማሽ ገደማ የሚሆነው በዚህ በታችኛው ተጓዥ ክፍል ላይ እንደሚውል በሙያው የተሰማሩ ሁሉ የሚናገሩት ነው። ነዳጁን የሚችለው አጥቢያው በሆነበት ውል፣ ያለአግባብ የተወጠረ ሰንሰለት በቀጥታ የአጥቢያው ጉዳይ ይሆናል።

በዋልካ አፈር ላይ የሚሠሩ አጥቢያዎች ይህን በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። ዋልካ ሲርስ በስፕሮኬቱ ጥርሶችና በሰንሰለቱ መካከል እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል። እግሩ በጭቃ የተሞላ ሰው ጫማው እንደሚጠብበት፣ ሰንሰለቱም ማንም ግሪስ ሳይጨምርበት ይወጠራል። ጠዋት ማሽኑ ታጥቦ፣ ደረቅ ሳለ በልኩ የተወጠረ ሰንሰለት እኩለ ቀን ላይ እንደ ክር ሊከር ይችላል። ስለሆነም ልኬቱ መወሰድ ያለበት ማሽኑ በሚሠራበት ሁኔታ ነው፤ ጭቃ ላይ የሚሠራ ከሆነ ጭቃው እንዳለ ይለካል። ንጹሕ ማሽን መለካት ለዓይን ደስ ቢያሰኝም ለጭቃ ሥራ ትክክለኛውን መልስ አይሰጥም።

አለካኩ አስቸጋሪ አይደለም። ማሽኑ ደልዳላ መሬት ላይ ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት ይነዳና ፍሬን ሳይያዝ በራሱ እንዲቆም ይደረጋል፤ ፍሬን ከተያዘ የላላው ክፍል ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሰበሰብ ልኬቱ ያሳስታል። ባልዲው መሬት ላይ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቁልፉም ይነቀላል። ከዚያ ከአይድለሩ በላይ ካለው የሰንሰለቱ ጫፍ እስከ ቅርቡ የላይ ሮለር ድረስ ቀጥ ያለ ጣውላ ይጋደማል ወይም ሲባጎ ይወጠራል። በመካከሉ ሰንሰለቱ ከሲባጎው ምን ያህል እንደ ረገበ በማስመሪያ ይታያል። ለብዙ መካከለኛ ማሽኖች ትክክለኛው ርግበት ከ20 እስከ 50 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ሆኖም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የዚያው ማሽን መመሪያ መጽሐፍ ነው። ኦፕሬተሩ መጽሐፉን ይዞ ባይመጣ እንኳ የማሽኑን ሞዴል ነግሮ አከራዩን በስልክ ማስጠየቅ አያቅትም። ቀኙም ግራውም ይለካል፤ ሁለቱ የተለያየ ርግበት ካሳዩ ያ በራሱ አንድ ነገር እየተናገረ ነው።

ሦስቱን መለየት

ማስተካከያ ብቻ የሚፈልገው ሰንሰለት በቀላሉ ይታወቃል። ግሪስ ሲሞላ ይቀበላል፤ አይድለሩ ወደ ፊት ሲሄድ ይታያል፤ በማግሥቱ ሲለካም ማታ የነበረው ርግበት አልተለወጠም። ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሁለተኛው ግን ማታ ተሞልቶ ጠዋት ላልቶ ይገኛል፤ ወይም ጥቂት ሰዓት እንደ ሠራ ይረግባል። ግሪሱ እየወጣ ነው ማለት ነው። ከየት እንደሚወጣ ማወቅ የጥገናውን ዋጋ ለመገመት ግማሽ መንገድ ነው። በመወጠሪያው ቦታ ላይ የሚገኘው ትንሽ የብረት ሽፋን ተከፍቶ፣ አሮጌው ግሪስ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ማሽኑ ጥቂት ከሠራ በኋላ እንደገና ይታያል። ሳይጠርጉ ማየት ጥቅም የለውም፤ የዓመት ግሪስ ሁሉ እዚያ ተለጥፎ ስለሚገኝ ማንኛውም መወጠሪያ የሚያፈስ ይመስላል። አዲሱ ግሪስ በኒፕሏ ወይም በማስተንፈሻው ቫልቭ ዙሪያ ብቻ ከታየ የሚለወጠው ዕቃ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነው፤ ሰንሰለቱም አይፈታም። ግሪሱ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ በሚወጣበት አፍ በኩል ከታየ ግን ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቋል ወይም የፒስተኑ ገጽ ተጭሯል። ይህ ሰንሰለት መፍታትን፣ አይድለር ማውጣትን፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀንንና ብቃት ያለው መካኒክን ይጠይቃል። አከራዩ «ግሪስ እየጨመራችሁ ሥሩ» የሚል መልስ ቢሰጥ በመጀመሪያው ቀን ሊያስኬድ ይችላል፤ በተዳፋት ላይ ለሚሠራ ማሽን ግን አንቀበለውም፤ ሰንሰለቱ መቼ እንደሚወልቅ የሚያውቅ የለምና።

ሦስተኛው የእርጅና ጉዳይ ነው። ሰንሰለት «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ፒኑና ቡሹ ጥቂት ይበላሉ፤ የጥቂቱ ድምር ግን ብዙ ነው። ለምሳሌ 38 መጋጠሚያ ባለው ሰንሰለት እያንዳንዱ አንድ ሚሊሜትር ቢጨምር ጠቅላላው ወደ አራት ሳንቲሜትር ይረዝማል። መወጠሪያው ይህን እየተከተለ አይድለሩን ወደ ፊት ሲገፋ ቆይቶ በመጨረሻ ማለቂያው ላይ ይደርሳል። ምልክቱ ለማንም ይታያል፦ አይድለሩ በማዕቀፉ የፊት ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ፒስተኑ ረጅም ሆኖ ወጥቷል፤ የስፕሮኬቱ ጥርሶችም ሾለዋል። በዚህ ጊዜ በየሜዳው የሚቀርበው መፍትሔ አንድ አያያዥ ብረት አውጥቶ ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው። ሰንሰለቱ በእርግጥ ያጥራል። ነገር ግን በቀሪዎቹ መጋጠሚያዎች መካከል ያለው ርቀት ከስፕሮኬቱ ጥርስ ጋር ስለማይስማማ አንዱ ሌላውን መብላቱን ይቀጥላል። አከራዩ የራሱን ማሽን እንዲህ ሊያሠራ ቢፈልግ የእርሱ ፈንታ ነው፤ የአጥቢያው ገንዘብ ግን ለዚህ መዋል የለበትም። ተገቢው ሥራ ፒንና ቡሾቹን በመጭመቂያ ማሽን አውጥቶ ያልተበላው ወገን እንዲሠራ ማዞር ወይም መለወጥ ነው፤ ይህም የጋራዥ ሥራ ነው።

ጥገናው ሲጀመር

ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው ግሪሱን በማስተንፈስ ነው፤ ጉዳት የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው። ማስተንፈሻው ቫልቭ በቀስታ፣ ከአንድ ዙር ባልበለጠ ይላላል። ግሪሱ በጎኑ ባለች ቀዳዳ እየተሳበ ይወጣል። አልወጣም ተብሎ ቫልቩን ጨምሮ መፍታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከውስጥ ያለው ግፊት ቫልቩን እንደ ጥይት ሊያስፈነጥረው ይችላል። ግሪሱ እምቢ ካለ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ይርቅና ኦፕሬተሩ ማሽኑን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ይወጣል። የሚፈታው ሰው ፊቱን ወደ ቀዳዳው አያዞርም፤ ጎንበስ ብሎ አያይም፤ ግሪሱን በጣቱ አይነካም። ኒፕሏም ብትሆን ግፊቱ ሳይወጣ አትፈታም።

ስለ አንድ የጉዳት ዓይነት በተለይ ማስረዳት እንፈልጋለን፤ ብዙዎች ንቀውት ዋጋ ከፍለውበታልና። በከፍተኛ ግፊት የወጣ ግሪስ ቆዳን እንደ መርፌ ወግቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ያህል ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። ተጎጂው እጁን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ግሪሱ ግን በሥጋው ውስጥ በጅማቶቹ መንገድ ተሠራጭቶ ደም እንዳይደርስ ያደርጋል፤ እጁ ያብጣል፤ ሥጋው ይሞታል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያላገኘ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ግሪስ የወጋው ሰው «ይደር» አይባልም፤ ቁስሉን በመጭመቅ ለማውጣትም አይሞከርም። ያኔውኑ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰዳል። ለሐኪሙም «በከፍተኛ ግፊት ግሪስ ገብቶበታል» ተብሎ በግልጽ ይነገራል፤ ሐኪሙ ቁስሉን ብቻ ካየ የትንሽ ጭረት ሊመስለው ይችላልና። ከከተማ ርቆ የሚገኝ አጥቢያ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የትኛው ተሽከርካሪ ሰው ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ኒፕሏ ወይም ቫልቩ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ አዲሱ ይገጠማል፣ ግሪስ ይሞላል፣ ይለካል። ጎሚኒው የሚለወጥ ከሆነ ግን ማሽኑ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ በሰንሰለቱ ፊትና ኋላ በእንጨት ይታገዳል። ሰንሰለቱ የሚከፈትበት መክፈቻ ፒን ወይም በቡሎን የሚታሰር መክፈቻ ማያያዣ አለው። እርሱ ወደ አይድለሩ ፊት እንዲመጣ ተደርጎ ከሥሩ ድጋፍ ይቀመጥለታል። የአንድ ወገን ሰንሰለት ክብደት ከአንድ ቶን ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሲከፈት በድንገት የሚንሸራተተው ጫፍ እግር ቢያገኝ አይምርም። ፒን በመዶሻ የሚመታ ከሆነ የጠነከረ ብረት እየተሰነጠረ እንደሚበር መታወቅ አለበት። የሚመታውም የሚይዘውም የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ፤ በፒኑ ትይዩ ማንም አይቆምም። ሕፃናትና ተመልካች በአካባቢው የማይገኙበትን መንገድ ማዘጋጀት የኮሚቴው ድርሻ ነው። ማሽን ባለበት ቦታ ሕዝብ መሰብሰቡ የማይቀር ስለሆነ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሰንሰለቱ ከተዘረጋ በኋላ አይድለሩ በማንሻ ተደግፎ ወደ ፊት ይወጣል፤ ፒስተኑም ይከተላል። ፒስተኑ ተጣብቆ እምቢ ካለ ግሪስ በፓምፕ እየሞሉ በቀስታ ማስወጣት ይቻላል። በኮምፕሬሰር አየር ማስወጣት ግን ክልክል ነው፤ የታመቀ አየር ከባዱን ብረት ሊወረውረው ይችላል። ከዚያ የፒስተኑና የሲሊንደሩ ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ በጥፍር ይዳሰሳል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም በዝገት የተበላ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ገዝቶ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ያፈሳል። የፒስተኑ የወጣው ክፍል ለውኃና ለጭቃ የተጋለጠ ስለሆነ በዝናብ ወራት ሲሠራ ከርሞ የቆመ ማሽን ላይ ይህ ዝገት በብዛት ይገኛል። ገጹ ለስላሳ ከሆነ አዲሱ ጎሚኒ ከንፈሩ ወደ ግሪሱ ወገን እንዲዞር ተደርጎ ይገባል። የተገላቢጦሽ የገባ ጎሚኒ ግፊት ሲመጣበት ስለሚተጣጠፍ ግሪሱን አይይዝም፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሲሊንደሩ ግሪስ ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር እንዲወጣ ይደረጋል፤ አየር ስለሚጨመቅ ውጥረቱን አያጸናምና። በመጨረሻም ሰንሰለቱ ይዘጋል፤ የመክፈቻው ማያያዣ ቡሎኖች በመመሪያው በተጻፈው ኃይል መጠን ይጠብቃሉ።

የማይነካው

አስቀድመን ያቆየነው ነጥብ የስፕሪንጉ ነው። ከላይ የተገለጸው ሥራ ሁሉ ጥሩ መካኒክ ካለ በሜዳ ሊከናወን ይችላል። ስፕሪንጉን መፍታት ግን በሜዳ አይከናወንም። ስፕሪንጉን ጨቁኖ የያዘውን ትልቅ ዳዶ የሚፈታ፣ የያዘውን ዘንግ በእሳት የሚቆርጥ ወይም የተሰበረ ስፕሪንግን በመጋዝ ለማላቀቅ የሚሞክር ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። ተጨቁኖ የነበረው ብረት በአንድ ቅጽበት ሲለቀቅ ማምለጫ ጊዜ የለም። ስፕሪንጉ ወይም የያዘው ዘንግ ተሰብሮ ከሆነ ሙሉው መወጠሪያ እንደ ታሰረ ተነሥቶ፣ ለዚሁ የተሠራ መጭመቂያና መከላከያ ማዕቀፍ ወዳለው ጋራዥ ይላካል። ስለ ድፍረቱና ልምዱ የሚነግራችሁ መካኒክ ቢኖርም ኮሚቴው «በግቢያችን አይፈታም» ማለት መብቱ ነው፤ ግዴታውም ነው ብንል አልተጋነነም።

ሁለተኛው የማይነካ ነገር ብየዳ ነው። በሜዳ ላይ መወጠሪያው ሲያፈስ በፒስተኑና በአይድለሩ ተሸካሚ መካከል የብረት ቁራጭ አስገብቶ መበየድ የተለመደ መላ ነው። ብረት ቁራጩ ራሱ ማሽኑን ከመንገድ ዳር ወደ ጥላ ለማድረስ ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ ለሥራ ግን አይሆንም፤ ጭቃ ሲጠቀጠቅ ማስተካከል የሚቻልበትን መንገድ ሁሉ ይዘጋልና። ብየዳው ግን የባሰ ነው። ግሪስ ሞልቶ የተዘጋ ሲሊንደር ላይ እሳት ማንደድ የተዘጋ ድስት ውስጥ እንፋሎት እንደ ማመቅ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ባይፈነዳም ሙቀቱ የቀረውን ጎሚኒ አቃጥሎ ጥገናውን ከነበረበት እጥፍ ያደርገዋል።

በውሉ ላይ መግባት ያለበት

ኪራይ ሲዋዋሉ ብዙ ኮሚቴዎች የሰዓቱን ዋጋ ይከራከራሉ፤ ማሽኑ ቆሞ ስለሚውልበት ሰዓት ግን አንድ መስመር አይጽፉም። በብልሽት የቆመበት ሰዓት እንደማይታሰብ፣ የታችኛው ተጓዥ ክፍል ጥገናና መለዋወጫ በአከራዩ እንደሚሸፈን፣ ጥገናው ከተወሰነ ቀን በላይ ከቆየ ሌላ ማሽን እንደሚተካ ወይም ውሉ እንደሚፈርስ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ማሽኑ በመጣበት ቀን፣ ሥራ ሳይጀምር፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብና የቀኝና የግራ ሰንሰለት ርግበት ተለክቶ ኦፕሬተሩና የኮሚቴው ተወካይ ይፈራረሙበታል። አይድለሩ የደረሰበት ቦታና የስፕሮኬቱ ጥርስ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በኋላ «የእናንተ ድንጋይ ነው የሰበረው» የሚል ክርክር ሲነሣ ግን ከብዙ ንግግር ያድናል።

ማሽኑ በኪራይ ሳይሆን በትብብር ከአንድ መሥሪያ ቤት የተገኘ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ነዳጁና ጥቃቅኑ ጥገና ብዙውን ጊዜ በአጥቢያው ላይ ይወድቃል። በነጻ የመጣን ነገር መመርመር እንደ ውለታ ቢስነት የሚቆጥሩ አባቶች አሉ፤ ስሜቱ ይገባናል። ሆኖም አይድለሩ ማለቂያው ላይ የደረሰን ማሽን ተቀብሎ ሥራ ማስጀመር፣ ለሌላ የዋለ ሰንሰለት ዕዳ መክፈል ይሆናል። ችግሩን አስቀድሞ ለሰጪው ማሳወቅ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜም መሥሪያ ቤቱ ራሱ አያውቀውም።

ጎሚኒው ተለውጦ ማሽኑ ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን ሦስት ነገሮች ይደገማሉ። ማሽኑ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ የመክፈቻው ማያያዣ ቡሎኖች እንደገና ይፈተሻሉ፤ ርግበቱ በሁለቱም ወገን ይለካል፤ የመወጠሪያው ሽፋን ተከፍቶ በጨርቅ ይጠረጋል። ልኬቱን የሚጽፍበት ደብተር በገንዘብ ያዡ ወይም በጸሐፊው እጅ ይሁን፤ በኦፕሬተሩ እጅ ብቻ ከቀረ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ማታ የተጻፈው ልኬት ጠዋት ተለውጦ ከተገኘ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ሽፋኑ ይከፈትና ግሪሱ ከየት እንደ ወጣ ይታያል።